ቤን ገርዳን፦ ያልተጻፈ ውል ያቆመው ገበያ

ከቱኒስ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው 1ኛው ብሔራዊ መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ የሊቢያን ድንበር ከመንካቱ በፊት የሚያገኛት የመጨረሻዋ ትልቅ ከተማ ቤን ገርዳን ናት። የባቡሩ ሐዲድ ጋቤስ ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ ወዲያ ሰውም ዕቃም የሚጓጓዘው በመኪና ነው። ቀይ መስመር የተቀቡት ነጫጭ ሉዋዦች፣ ማለትም ሰው ሲሞላላቸው የሚነሱት ሚኒባሶች፣ ከሩቅ ከተሞች የመጣውን ገበያተኛ ያራግፋሉ። ሸማቹ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ጎማና የኤሌክትሪክ ዕቃ ተሸክሞ በመጣበት ይመለሳል። የራስ ጅዲር ኬላ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትሪፖሊ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ለቤን ገርዳን ነጋዴ የጎረቤት አገር ዋና ከተማ ከገዛ አገሩ ዋና ከተማ ይልቅ ትቀርበዋለች ማለት ነው። በቱኒዚያ ባለሥልጣናት ንግግር ከተማዋ ስትነሳ አብረው የሚነሱት ግን ኮንትሮባንድና ሽብር ናቸው። ሕግ ያልደረሰባት ዳርቻ ተደርጋ ትሳላለች። ይህ ሥዕል የተሳሳተ ነው። ገበያውን መንግሥት ራሱ አይቶና ፈቅዶ አቁሞታል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ፈቃዱ በወረቀት ላይ ባለመስፈሩ ነው።

ድንበሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ቱኒዚያን የያዘችው ፈረንሳይና ትሪፖሊን የምትገዛው ኦቶማን ቱርክ መስመሩን የተስማሙበት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ መስመሩ ጀፋራ የሚባለውን ሜዳ ለሁለት ሲከፍለው በሁለቱም ወገን የቀሩት ጎሳዎች የጋብቻም የንግድም ትስስር ነበራቸው። ከነጻነት በኋላም ንግዱ እንደ ፖለቲካው ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በ1985 የሊቢያው መሪ ጋዳፊ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱኒዚያውያን ሠራተኞችን ሲያባርሩ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ቤን አሊ በቱኒዚያ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1988 ድንበሩ እንደገና ተከፈተ። ከተማዋን የዛሬዋ ከተማ ያደረጋት ግን በ1992 በሊቢያ ላይ የተጣለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር በረራ ማዕቀብ ነው። ወደ ትሪፖሊ አውሮፕላን ሲቀር መንገደኛው የቱኒዚያ በሆነችው በጀርባ ደሴት እያረፈ በመኪና ራስ ጅዲርን ማቋረጥ ግድ ሆነበት። ነዳጅ ሻጩ፣ ገንዘብ መንዛሪው፣ ሹፌሩ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ በቀለ። ለሕክምና ወደ ስፋክስ የሚጓዘው ሊቢያዊም ማዕቀቡ ከተነሳ በኋላ መንገዱን አልተወውም።

የንግዱ ምስጢር ቀላል ሒሳብ ነው። ሊቢያ ቤንዚን በድጎማ በሊትር 0.15 የሊቢያ ዲናር ትሸጣለች፤ በቱኒዚያ ማደያ ያው ሊትር ከ2 የቱኒዚያ ዲናር በላይ ያወጣል። ከእስያና ከቱርክ የሚመጣ ዕቃ በሊቢያ ወደቦች ሲገባ የሚከፈልበት ቀረጥ በቱኒዚያ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነው። ሁለት መንግሥታት በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ይህን ያህል የሚራራቅ ዋጋ ካቆሙ በመሃል የሚቆም ነጋዴ አይጠፋም። ነዳጁ ታንኩ ተበይዶ በሰፋ መኪና ይገባና በጀሪካን እየተቀዳ በመንገድ ዳር ይሸጣል። በምንዛሪ ተራ የተደረደሩት ትናንሽ ሱቆች የዲናሩን ዋጋ በየቀኑ ይተምናሉ፤ ከባንክ ፈቃድ የላቸውም፣ ነገር ግን በራቸውን ዘግተው የሚሠሩም አይደሉም። የዓለም ባንክ በ2013 ባወጣው ጥናት ከቱኒዚያና ሊቢያ የሁለትዮሽ ንግድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመደበኛው መዝገብ የማይገኝ ነው። ይህን የሚያህል ዕቃ በአንድ ኬላ፣ ጉምሩክና ፖሊስ በቆሙበት፣ በቀን ብርሃን ሲያልፍ ተደብቆ ነው የሚያልፈው ማለት አይቻልም። ማክስ ጋሊየን የተባለው ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። በኬላው ምን ዓይነት ዕቃ፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚያልፍ በነጋዴዎችና በባለሥልጣናት መካከል ስምምነት አለ፤ የጦር መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ማንም አልፈረመውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ የሕዝብን ካዝና ያራቁታል፣ ግብር የሚከፍለውን ነጋዴና ፋብሪካ ያከስራል። እውነትነት አለው፣ የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካዎች ምሬትም የውሸት አይደለም። ይሁንና ክሱ ለምን በጀሪካን ሻጩ ላይ ብቻ እንደሚጀምር መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከቤን አሊ ቤተሰብ ጋር የተያያዙ 220 ኩባንያዎች የግሉን ዘርፍ ትርፍ 21 በመቶ ይወስዱ ነበር። ቀጥሎ የወጣ ሥራ ደግሞ እነዚሁ አስመጪዎች የዕቃቸውን ዋጋ ዝቅ አድርገው በማስመዝገብ ቀረጥ ይሸሹ እንደነበር አሳይቷል። ያ ሁሉ የሆነው ማኅተም ባለው ሰነድ፣ ፎርም ተሞልቶበት ነው። በወደብ በኮንቴይነር የሚያጭበረብረው ‹‹አስመጪ›› ሲባል፣ በፒካፕ ብርድ ልብስ የሚያመጣው ‹‹ኮንትሮባንዲስት›› ከተባለ መለያው የጥፋቱ መጠን ሳይሆን የባለቤቱ ዘመድ ነው። በሌላ በኩል መንግሥት ከዚህ ንግድ ምንም አላገኘም ማለትም አይቻልም። ለድንበሩ አካባቢ ፋብሪካም የባቡር ሐዲድም ሳይሠራ የቀረው መንግሥት፣ ሥራ አጡን ወጣት በቤን ገርዳን ገበያ አስታግሦበታል። ርካሹ ዕቃም በመላ አገሪቱ የደሃውን ኑሮ ደግፏል። ይህ ከካዝናው የቀረው ቀረጥ ሌላኛው ገጽ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ ከበድም ይላል። ሱስ በምትባለው የቱኒዚያ ከተማ በጎብኚዎች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ በ2015 መንግሥት በሊቢያ ድንበር የአሸዋ ግንብና ቦይ መሥራት ጀመረ። በማርች 7 ቀን 2016 ንጋት ላይ ደግሞ የ‹‹እስላማዊ መንግሥት›› ታጣቂዎች ራሷን ቤን ገርዳንን በድንገት ወረሩ፤ የጦር ካምፑን፣ የፖሊስና የብሔራዊ ዘብ ጣቢያዎችን አጠቁ። ከአጥቂዎቹ መካከል የከተማዋ ተወላጆች እንደነበሩ፣ መሣሪያም በአካባቢው ተቀብሮ እንደተገኘ መካድ አይገባም። ሆኖም ታጣቂዎቹ የጠበቁት የሕዝብ ድጋፍ አልመጣላቸውም፤ ነዋሪው ከሠራዊቱ ጎን ቆመ፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ታጣቂዎች ተገደሉ፣ ሲቪሎችና የጸጥታ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን አጡ። ‹‹የኮንትሮባንድ ከተማ የሽብር ከተማ ናት›› የሚለው አባባል በዚያ ጠዋት ተፈትኖ ወድቋል። ኑሮው በኬላው መከፈት ላይ የተመሠረተ ሰው ኬላውን የሚያዘጋ ታጣቂን ለመጥላት የራሱ በቂ ምክንያት አለው። ዕቃ የጫነው ሹፌር መንገዱን የሚያውቅ፣ እንግዳ ፊት የሚለይ ሰውም ነው። እሱን ከኬላው አርቆ በረሃ ለበረሃ እንዲሄድ መግፋት ለጸጥታ ሠራተኛው ዓይኑን መጋረድ ነው።

የዚህችን የመንገድ ከተማ አቅም ያሳየ ሌላ ወቅት 2011 ነው። የሊቢያ ጦርነት ሲፈነዳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በራስ ጅዲር ወጣ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥራቸውን እስኪያደራጁ ድረስ ምግብና ውሃ ያደረሱት በዚያው መንገድ የሚነግዱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከኬላው አጠገብ በተተከለው የሹሻ መጠለያ ከሶማሊያና ከሱዳን ስደተኞች ጋር ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ መጠለያው በ2013 በይፋ ተዘጋ።

ያልተጻፈ ውል የሚያስከትለው መከራ የሚታየው ኬላው ሲዘጋ ነው። በኦገስት 2010 ሊቢያ አዲስ ክፍያ ጥላ ንግዱን ስታናጋ ቤን ገርዳን በተቃውሞ ተናወጠች፤ ቤን አሊን ያወረደው አብዮት ከመፈንዳቱ ጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው። በ2017 መጀመሪያም ከተማዋ እንደገና ስትናጥ ከቱኒስ የመጣ መፍትሔ አልነበረም። የከተማዋ ተወካዮች ራሳቸው ድንበር ተሻግረው በሊቢያ በኩል ካለችው የዙዋራ ከተማ ሰዎች ጋር ተደራደሩ። በማርች 2024 ደግሞ የትሪፖሊ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኃይሎችና የዙዋራ ታጣቂዎች ኬላውን ለመቆጣጠር ሲጋጩ መንገዱ ለወራት ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በጁላይ ነው። በእነዚያ ወራት ሱቁን ዘግቶ የተቀመጠው ነጋዴ ያጠፋው ነገር የለም፣ ካሳ የሚጠይቅበት ሕግም የለውም። ይህ ነው የገበያው ትልቁ ድክመት፣ እዚህ ላይ የገበያው ተቺዎች ትክክል ናቸው። ትርፉ ይብዛም ይነስ፣ ነገ የሚቀጥል መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ወጣቱም ሙያ ሳይማር መሪ ጨብጦ ይቀራል።

ሁልጊዜ የሚቀርበው መድኃኒት ከከተማዋ አቅራቢያ ሊሠራ ለዓመታት ሲነገርለት የኖረው ነጻ የንግድና የሎጂስቲክስ ቀጠና ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መጋዘንና አጥር የዋጋውን ልዩነት አይቀንሱም፤ የሊቢያ ድጎማና የቱኒዚያ ቀረጥ እንዳሉ ከቀጠሉ ፒካፑ ቀጠናውን ዞሮ ያልፋል። ቀጠናው ፈቃድ የሚሰጠው ካፒታል ላለው ብቻ ከሆነም ገበያው ከብዙ እጅ ወደ ጥቂት እጅ ይዛወራል፤ ቱኒዚያ ይህን በቤን አሊ ዘመን አይታዋለች። ዛሬ በቃል ብቻ የሚታወቀው የዕቃ ዝርዝር፣ መጠኑና ክፍያው በደንብ መልክ ወጥቶ ኬላው ላይ በአረብኛ ቢለጠፍ፣ ትንሹ ነጋዴ ጠፍጣፋ ዝቅተኛ ቀረጥ ከፍሎ ደረሰኝ ቢይዝ፣ ለመዝጋትም የማስታወቂያ ጊዜ ቢወሰን፣ ይህ አንድም አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የሚቃወመው ማን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በኬላው ላይ ያለ ደረሰኝ የሚሰበስብ እጅ በሁለቱም ወገን አለ፣ ከላይም ተጋሪ አለው።