ቦርዱን ማን መረጠው?

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሦስት የመብት ድርጅቶችን ከሥራ አገደ፤ የመብቶችና ዴሞክራሲ ዕድገት ማዕከልን (ካርድን)፣ ስብስብ ለሰብዓዊ መብቶች በኢትዮጵያን እና የሕግ ባለሙያዎች ለሰብዓዊ መብቶችን። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና የኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ማዕከል ተጨመሩ። በእግድ ደብዳቤዎቹ የተነሡት ክሶች ተቀራራቢ ነበሩ፤ ገለልተኛ አለመሆን፣ ከተቋቋሙበት ዓላማ መውጣት፣ የአገርን ጥቅም መጻረር። በዚያ ሰሞን በየዜናው የተጠሩት የባለሥልጣኑና የድርጅቶቹ ዳይሬክተሮች ስሞች ናቸው። ድርጅቶቹን በበላይነት የሚመሩት ቦርዶች እነማን እንደሆኑ፣ ማን እንደመረጣቸው፣ አንድ የመብት ድርጅት ከገለልተኝነት ወጥቷል ሲባል ጉዳዩን በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ማን እንደሆነ እምብዛም አልተነሣም።

ጥያቄው ግን አሮጌ ነው። የሕዝብን መብትና የመንግሥትን ፖሊሲ ጉዳዬ ብሎ የሚቆም ድርጅት የማን ነው? ላለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት መንግሥት ለዚህ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ስለ ገንዘብ ምንጭ ነበር። እኔ መልሱ መፈለግ ያለበት በቦርድ ወንበሮች ላይ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይህን እንድል ያደረገኝም ታሪኩ ነው።

ኢሰመጉ ደርግ በወደቀ በወራት ውስጥ በ1984 ሲመሠረት 32 መሥራቾች ነበሩት። በሊቀ መንበርነት የመሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። አደረጃጀቱ ቀላል ነው፤ አባላት መዋጮ ይከፍላሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሥራ አስፈጻሚ ይመርጣል፣ ሥራ አስፈጻሚው ጽሕፈት ቤቱን ይቆጣጠራል። መደበኛና ልዩ መግለጫ እየተባሉ የወጡት ሪፖርቶች የታሰረውን፣ የተገደለውንና የጠፋውን ሰው በስም፣ በቦታና በቀን የሚዘረዝሩ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ወረቀት አይቶ ይውጣ የሚል የሥራ አስፈጻሚ አባል ደመወዝተኛ አይደለም። መምህር ወይም ጠበቃ ሆኖ በሌላ ሥራ እየኖረ፣ ስሙን ግን ከመግለጫው ጀርባ የሚያስይዝ ሰው ነው።

ያ ስም ምን ያህል እንደሚያስከፍል አቶ አሰፋ ማሩ አሳይተዋል። የመምህራን ማኅበር መሪና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጠዋት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት የኅቡዕ ታጣቂ ቡድን መሪ ነበሩ አለ፤ ባልደረቦቻቸውና ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች ግን ባዶ እጃቸውን እንደነበሩ መሰከሩ። በ1993 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ ሲነሣ ፕሮፌሰር መስፍንና የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበርን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ፤ ሰበቡ ስለ አካዳሚክ ነፃነት በተዘጋጀ ውይይት ላይ ተማሪዎችን አነሣስታችኋል የሚል ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1994 መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተራ ደረሰ። ማኅበሩ ጥቃት ለሚደርስባት ሴት የፍትሕ አካላት አልደረሱላትም ብሎ በአደባባይ በመናገሩ ታገደ፤ እግዱ የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

የ1997 ምርጫ ነገሩን አከረረው። ፕሮፌሰር መስፍን ያኔ ወደ ፖለቲካ ገብተው ነበርና ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ይህ እስካሁን ድረስ የሚጠቀስ ነጥብ ስለሆነ ዘልዬው አላልፍም። የመብት ድርጅት መሪ የፓርቲ መሪ ሲሆን፣ ትናንት የጻፈው መግለጫ ዛሬ በጥርጣሬ ቢነበብ የሚገርም አይደለም። የቦርድ አባል የፖለቲካ አመለካከት አይኑረው ማለት ግን ዜግነቱን ተው ማለት ነው። የሚያዋጣው መንገድ የታወቀ ነው፤ ፓርቲ የሚገባ ሰው ወንበሩን አስቀድሞ ይለቃል፣ መልቀቁም ለአባላት በጽሑፍ ይነገራል። ይህን የሚያስፈጽመው ጠቅላላ ጉባኤ እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሆን የለበትም።

መንግሥት የመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በፆታና በብሔረሰቦች እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ አሰጣጥ ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። አስተዳደራዊ ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ለመብት ድርጅት ዋናው ሥራ ሰው፣ ጉዞና ምርመራ ሆኖ ሳለ፣ በአዋጁ ላይ በወጣው መመሪያ ብዙው በአስተዳደር ወጪ ተመደበበት።

ያኔ እያንዳንዱ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ምርጫ ቀረበ፤ ዓላማን ለውጦ የውጭ ገንዘቡን ይዞ መቀጠል፣ ወይም ዓላማን ይዞ መደኽየት። አብዛኞቹ ዓላማቸውን ወደ ልማት ቀየሩ። ኢሰመጉና የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በመብት ሥራው ጸኑ። ዋጋው ከባድ ነበር። በ2002 የሁለቱም የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ የኢሰመጉ ብቻ 9.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ይግባኙ እስከ ሰበር ሄዶ በ2005 እግዱ ጸና። የኢሰመጉ ቅርንጫፎች ከ12 ወደ 3 ወረዱ፤ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ስሙን እንኳ ተነጥቆ ዓመታትን «ሰመጉ» ተብሎ አሳለፈ። ትንፋሽ የሰጠው የአውሮፓ ኅብረት የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ነው፤ ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ ይቆጠር ነበር።

የጸኑት ሁለቱም የአባላት ማኅበራት መሆናቸውን እንደ አጋጣሚ አላየውም። ቦርዳቸው ዓላማውን ልለውጥ ቢል ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበረበት። ሌሎቹ የሚያስረዱት ለለጋሽ ብቻ ነበር፤ ለጋሹ ደግሞ ፕሮግራሙ ቢቀየር የሚከፋበት ምክንያት አልነበረውም።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ፣ ድርጅቶች በማናቸውም ሕጋዊ ዓላማ ላይ እንዲሠሩና ሕግና ፖሊሲ እንዲለወጥ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቀደ፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቦርድ ውስጥም የሲቪል ማኅበራት ተወካዮችን አስቀመጠ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ያለ እሱ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የመብትና የፖሊሲ ድርጅቶች አይኖሩም ነበር። አስተዳደራዊ ወጪ ግን 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተብሏል፤ ትርጉሙ ከቀድሞው በጣም ቢጠብም የቦርዶች ራስ ምታት ሆኖ ቀርቷል።

በአዋጁ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ክፍል «ቦርድ መር ድርጅት» የሚለው ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መሥራቾች ተስማምተው ያቋቁሙታል፤ የበላይ አካሉ ቦርዱ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ የለውም። የመጀመሪያውን ቦርድ መሥራቾቹ ይሰይማሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚተካው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ነው። ለማቋቋም ፈጣን፣ ለመምራት ቀላል ነው። ለሕዝብ እሟገታለሁ ለሚል ድርጅት ግን አንድ ጎዶሎ አለው፤ ቦርዱን ከውጭ ሊሽር የሚችል ማንም የለም።

በተግባር የሚሆነውን በቅርብ የሚያውቁት ያውቁታል። መሥራቹ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን አስቦ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው፣ ለአንድ ጠበቃ፣ ለአንድ የቀድሞ አለቃው ይደውላል፤ «ስምህን ብቻ አውሰኝ፣ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ነው» ይላል። ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ሲያጣ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ በሾፌር በየቢሮው ይዞራል፤ ባንኩ የቼክ ፈራሚ ለመቀየር፣ ለጋሹ በጀት ለመልቀቅ፣ ባለሥልጣኑ ዓመታዊ ሪፖርት ለመቀበል የተፈረመ ወረቀት ይጠይቃልና። የኦዲት ሪፖርቱን የመጨረሻ ገጽ ብቻ አይቶ የሚፈርም አባል ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ አስኪያጁን ያምነዋል። ዘመድን ከቦርድ በሕግ ማገድ ይቻላል፤ ጓደኝነትን ግን አይቻልም። ችግሩ የሚታየው የእግድ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ድርጅቱ ከዓላማው ወጥቷል ለሚለው ክስ ቦርዱ መልስ መስጠት ሲገባው፣ የፕሮግራሙን ዝርዝር የሚያውቅ አባል አይገኝም። ደግሞም ድርጅቱ ሲታገድ አደባባይ ወጥቶ የኔ ነው የሚል አባል የለውም።

ሠፈር ውስጥ ያለ እድር ይህን ጥያቄ ከፈታው ቆይቷል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ይመረጣሉ፣ ሒሳቡ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፣ ያልጣመው ሰው ተነሥቶ ይጠይቃል። አንድ የፖሊሲ ተሟጋች ድርጅት ከዚህ ያነሰ ግልጽነት ይዞ መንግሥትን ስለ ተጠያቂነት ሲጠይቅ ማየት ያሳዝነኛል፤ የሚያሳዝነኝም ሥራውን ስለምፈልገው ነው።

መፍትሔው ቦርድ መር ድርጅትን መሰረዝ አይደለም። የቦርድ አባላት ስም፣ የተመረጡበት ቀንና የሚያበቃው ዘመናቸው ለሕዝብ ይገለጽ። ቢያንስ ጥቂት ወንበሮች ድርጅቱ እንቆምላቸዋለን ለሚላቸው ሰዎች ይተዉ፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚሟገት አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመርጡት አባል ይኑረው፣ ስለ ተፈናቃዮች የሚሟገት ከተፈናቃዮች መካከል። ማንም ከሁለት ዘመን በላይ አይቀመጥ። የፓርቲ ኃላፊነትና የጥቅም ግንኙነት በየዓመቱ በጽሑፍ ይመዝገብ። ትንሽም ብትሆን የአባልነት መዋጮ ትኑር፤ ገቢዋ ለኪራይ አይበቃም፣ ከፋዩ ግን ጠያቂ ይሆናል።

በ2017 አዋጅ 1113ን ለማሻሻል ረቂቅ ቀርቦ ክርክሩ እንደገና ከውጭ ገንዘብ ላይ ወደቀ። የመብት ድርጅቶች ስጋታቸውን መግለጻቸው ተገቢ ነው፤ የ2002ን የታገደ ሒሳብ የሚያስታውስ ሁሉ ይሰጋል። በዚያው መድረክ ላይ ግን ድርጅቶቹ ራሳቸው የቦርድ አመራረጥ አንቀጽ አርቅቀው ቢያቀርቡ፣ ገለልተኝነታቸውን ማን ይመርምር ለሚለው ጥያቄ ከባለሥልጣኑ በፊት የራሳቸውን መልስ ይዘው በተቀመጡ ነበር። የድርጅቶቹ ምክር ቤት አለ፣ የሥነ ምግባር ደንብ የማውጣት ሥልጣንም በአዋጁ ተሰጥቶታል። ለዚህ የሕግ ማሻሻያ መጠበቅ አያስፈልገውም።