ማርሚታውና ማረሻው አንድ ዓይነት ቅብ አይፈልጉም

ክረምቱ ወጥቶ በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ የቆሙትን ሞተር ሳይክሎች ላየ ሰው፣ የቀበሌው መንገድ ምን እንደሚመስል መጠየቅ አያስፈልገውም። ጭቃ የደረቀበት ፓራፋንጎ፣ ቀለሙ ተቃጥሎ የተላጠ ማርሚታ፣ ዝገት የጀመረው ቸርኬ ሁሉንም ይናገራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው በዚህ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ጋራዥ ሲገባ የምክር አገልግሎቱም አብሮ ይስተጓጎላል። በፎገራ ሜዳና በመሰል አካባቢዎች በጋውን በመስኖ አትክልት የሚያለማው አርሶ አደርም የውኃ መሳቢያ ሞተሩ በዝገት ሲበላ የሚደርስበት ኪሳራ ከዚህ ቢብስ እንጂ አያንስም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚቀርቡት አንዱ ሴራሚክ የሚባለው ልባስ ነው። ዋጋው ከተለመደው ቀለም ይበልጣል። በአንዱ ስም የሚሸጡት ግን በባሕርያቸው የተለያዩ ሁለት ምርቶች በመሆናቸው፣ አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው።

የመጀመሪያው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ የሚቀባ፣ መሠረቱ የሲሊካ ውህድ የሆነ ፈሳሽ ነው። የሚቀባውም ደኅና ቀለም ባለው አካል ላይ ነው፤ በነዳጅ ታንክ፣ በፓራፋንጎ፣ በጎን ሽፋኖች። እጅግ ስስ ሆኖ ቀለሙን ይሸፍናል፣ ውኃና ጭቃ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ የፀሐይን ጉዳት ያዘገያል። ከጎማ የሚፈናጠር ጠጠርን ግን አያስቆምም፤ የተነሳ ዝገትንም አያድንም። በዕቃው ላይ «9 ኤች» የሚል ጽሑፍ ቢታይ፣ ልባሱ በእርሳስ ጭረት በሚደረግ የጥንካሬ ሙከራ ያገኘውን ደረጃ የሚያመለክት ነው። በድንጋይ አይጫርም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀት ለሚበዛበት ብረት የተሠራ ነው። የሴራሚክ ብናኝ ሙቀት ከሚችል ማያያዣ ጋር ተዋህዶ በኮምፕሬሰር ይረጫል። ከታወቁት አንዱ ሴራኮት የሚባለው የአሜሪካ ምርት ሲሆን፣ በምድጃ የሚጠነክር ዓይነትም በአየር ላይ በቀናት ውስጥ የሚጠነክር ዓይነትም አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 25 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ አርባኛ ገደማ ነው።

ማርሚታ የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ መነሻው አካባቢ በርካታ መቶ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም የሚጠነክረው በ200 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ከዚያ ብዙ የበለጠ ሙቀት አይችልም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ በዚንክ የተነከረ ብረትም ለዚህ ቦታ አይመረጥም። አቅም ለሌለው ሰው አሉሚኒየም ያለበት የሲሊኮን ሙቀት መከላከያ ቀለም ከሴራሚኩ ቀጥሎ የሚታሰብ ሲሆን፣ ብዙዎቹ እስከ 600 ዲግሪ እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሱት ነገር አለ። ማርሚታ ከውስጥም ይበሰብሳል። ነዳጅ ሲቃጠል የውኃ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ሞተሩ ሳይግል አጭር መንገድ ብቻ ሄዶ ሲጠፋ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀዘቅዝና ብረቱን ይበላል። ከውጭ የተቀባ ሴራሚክ ይህን አያግደውም። ስለዚህ ለልባሱ ከመክፈል በፊት ማርሚታውን መታ መታ አድርጎ ማየት ያዋጣል። የሳሳ ወይም የተበሳ ከሆነ ብየዳ ወይም አዲስ ዕቃ እንጂ ቅብ አያስፈልገውም።

የልባሱን ዕድሜ ከምርቱ ስም ይልቅ የሚወስነው የብረቱ ዝግጅት ነው። ዘይት በማጠቢያ ይወገዳል፤ አሮጌ ቀለምና ዝገት በአሸዋ ርጭት እስከ ንጹሕ ብረት ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ ሳይውል ሳያድር ይቀባል፤ እርጥበት ካገኘ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ሊዝግ ይችላልና። በዝገት ላይ የተቀባ ሴራሚክ ለጥቂት ሳምንታት ያምራል፤ ሥሩ ግን መበላቱን ይቀጥላል። የወንዝ አሸዋ ለዚህ ሥራ መጠቀም ሠራተኛውን ይጎዳል። በውስጡ ያለው የሲሊካ ብናኝ ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ጋርኔት ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ፍሬ ይመረጣል፤ የመተንፈሻ መከላከያም የግድ ነው። ጭምብል የሌለው ጋራዥ በርካሽ ቢሠራ እንኳ ወረዳው ሥራውን ባይሰጠው ይሻላል።

የአሸዋ ርጭት በሌለበት ቀበሌ፣ ሙቀት ለማይነካው ሻሲና የፓምፕ መቆሚያ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጥርቶ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ከሴራሚክ ይልቅ ያዋጣል። ዚንክ የበዛበት የመጀመሪያ ቅብ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል፤ ለዚህኛው ግን ብረቱ ይበልጥ መጥራት አለበት።

የማይቀቡም አሉ። የፍሬን ዲስክ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የብሎን ጥርስ ምንም ልባስ ሊነካቸው አይገባም፤ ፍሬን ላይ የፈሰሰ ሴራሚክ ሕይወት ያስከፍላል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ክንፎች ላይ ወፍራም ቀለም መደረብም ሙቀቱን ያፍነዋል። ማረሻስ? አፈር ማንኛውንም ቅብ ፈግፍጎ ስለሚጨርሰው ለማረሻ ሴራሚክ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። እርሻ ሲያበቃ አፈሩን አራግፎ፣ አድርቆ፣ ግራሶ ቀብቶ ከእርጥበት ማራቅ ይበቃዋል።

ማዳበሪያ የጫነ ሞተር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ኤንፒኤስና ዩሪያ ከአየር እርጥበት የሚስቡ ሲሆን፣ በተለይ የኤንፒኤስ ጨዎች ዝገትን ያፋጥናሉ። ልባስ ኖረም አልኖረም፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በዚያው ዕለት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

ለወረዳ የግዥ ባለሙያዎች፣ በዝርዝር መግለጫው ላይ «ሴራሚክ» ብሎ መጻፍ ማንኛውንም ጠርሙስ ለመቀበል መፍቀድ ነው። የሚቀባው አካል፣ የሚችለው ሙቀት፣ የደረቅ ልባሱ ውፍረትና የብረቱ የጽዳት ደረጃ ይጻፍ። አቅራቢው በአይሶ 9227 መሠረት የጨው ርጭት ሙከራ ውጤት ካቀረበ ለማወዳደር ይጠቅማል። ሙከራው 5 በመቶ ጨው ያለበት ውኃ በ35 ዲግሪ ሙቀት የሚረጭበት ነው፤ ሰዓቱን ወደ ዓመት መልሶ ዋስትና መስጠት ግን አይቻልም። በርክክብ ጊዜ በአብሮ የተቀባ ቁራጭ ላሜራ ላይ በስለት ስድስት መስመር በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት ወደ ታች፣ ስድስት ደግሞ አግድም ጭሮ፣ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል በቂ ፍንጭ ይሰጣል። ካሬዎቹ ከፕላስተሩ ጋር ከተነሱ ሥራው አልተሠራም። ሁሉንም ሞተር በአንድ ጊዜ ከማስቀባት ሁለቱን ብቻ አስቀብቶ አንድ ክረምት ማሳለፍም ብልህነት ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ካልበለጠ ቅቡ በማይታይ እርጥበት ላይ ያርፋል፤ የክረምት ወራትና የማለዳ ሰዓት ለዚህ አይመቹም። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ረፋድ ላይ ተቀብቶ፣ በመመሪያው ልክ ጠንክሮ፣ ማርሚታውም መጀመሪያ በቀስታ እየጋለ እየቀዘቀዘ ከተለማመደ፣ ሞተሩ ለማዳበሪያ ሥርጭት ይደርሳል።