የመንገደኛ ስንቅና የንዳድ ስሌት

መንገደኛ ከቤቱ ከመውጣቱ አስቀድሞ የመንገዱን ርቀትና የስንቁን ልክ ቈጥሮ ይነሣል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ቆላ፣ ወይም ለጕዳዩ ወደ ዓባይ በረሓ የሚወርድ ሰው ግን ከዚህ ሌላ አንድ ስሌት ሊያውቅ ይገባዋል። ይኸውም የንዳድ፣ ማለት የወባ፣ ስሌት ነው።

የወባ ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 የገለጸው ሮናልድ ሮስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ነው። ይኸው ሰው በኋላ የበሽታውን አዛመት በሒሳብ ቀመር አስረድቷል።

የስሌቱም ፍሬ ነገር እንደዚህ ነው። ትንኟ የሕመምተኛ ደም ስለ መጠጠች በዚያው ቀን በሽታውን አታስተላልፍም። ተሐዋሲው በሰውነቷ ውስጥ እስኪበስል ድረስ በሞቃት ቆላ 10 ቀን ገደማ፣ ቀዝቀዝ ባለ አገር ግን 20 ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በየቀኑ ከ10 ትንኞች 9ኙ በሕይወት ያድራሉ ብንል፣ ከ100 ትንኞች 10 ቀን የሚቈዩት 35 ያህል ሲሆኑ፣ 20 ቀን የሚደርሱት 12 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቆላ የሚያስፈራው የትንኙ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ተሐዋሲውን ስለሚያፈጥነው ነው። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ተዘርግቶ በየቀኑ የሚተርፉት ከ10 ትንኞች 8 ብቻ ቢሆኑ፣ በቆላው እንኳ 10 ቀን የሚደርሱት ከ100 ትንኞች 11 ያህል ብቻ ይሆናሉ።

ነገር ግን ደጋነት ብቻውን መጠጊያ አይሆንም። በፈረንጆች 1958 የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የኢትዮጵያ ምድር ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳመመ፤ 150,000 ያህሉንም ገደለ። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ይገኛሉ። የደጋ ሰው ንዳድን ሳይለምድ ስለሚያድግ ሰውነቱ መከላከያ የለውም። ተሐዋሲውን በደሙ ይዞ የተመለሰ መንገደኛ፣ ዘመኑ ሞቅ ያለና ዝናባም የሆነ እንደ ሆነ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ የበሽታ ዘር ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ቆላ የምትወርድ ወንድማችን ሆይ፣ አጎበርን ከስንቅህ ጋራ ቍጠረው። በዚያ ሳለህ ወይም ከተመለስህ በኋላ ትኵሳት ቢሰማህ፣ ሳትዘገይ ወደ ጤና ኬላ ሂድና የነበርህበትን አገር ተናግረህ ደምህን አስመርምር። አንዱ የወባ ዓይነት በጕበት ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ይነሣልና፣ መመለስህ የራቀ ቢመስልህም ቸል አትበል። የታዘዘልህንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ውሰድ፤ ይህን በማድረግህ የምትጠብቀው ራስህን ብቻ ሳይሆን ልጆችህንና የአገርህን ሰው ጭምር ነው።