«ብርድ ነው» የተባለው ወገብ

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ሻይና ቡና ከሚያፈሉት ሴቶች መካከል ኢትዮጵያውያኑ ጥቂት አልነበሩም። ሱዳኖች «ሲት አልሻይ» ይሏቸዋል። ከሰል፣ ጀበና፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን በገመድ የተጠለፉ አጫጭር በርጩማዎች። ከጠዋት እስከ ማታ ጎበጥ ብለው ይቀመጣሉ። ለሕክምና ወደ እኔ ሲመጡ ግን በርጩማውን የሚጠረጥር የለም፤ «ብርድ ነው» ይላሉ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ! ከብርድ የተረፈው ደግሞ «ዲስክ» ይባላል። ከአሥር የወገብ ሕመምተኞች በዘጠኙ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል አንድ የተለየ ምክንያት አይገኝም።

ስመረምር አውራ ጣቶቼን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባሉት ጡንቻዎች ላይ አሳርፌ «ቀስ ብለሽ አጎንብሺ» እላለሁ። ጤነኛ ወገብ ላይ ጡንቻዎቹ መጀመሪያ ይጠነክራሉ፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ሲያጎነብስ ግን ሸክሙን ለጅማቶቹ ትተው ላላ ይላሉ። ፍሎይድና ሲልቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በኤሌክትሪክ መለኪያ አሳይተዋል። ወገቧን በሚያማት ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ያ መላላት አይመጣም። እስከ ታች ብታጎነብስም ከጣቴ ሥር ያለው ጡንቻ እንደ እንጨት ደርቆ ይቆያል። አጥሮ አይደለም፤ ሕመሙን ፈርቶ ዘብ ቆሟል።

ስለዚህ ጡንቻን ማሳሳብ ምን እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። በጀርባ ተንጋሎ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ስቦ 30 ሰከንድ መቆየት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም፣ ከዚያ ሌላውን እግር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጡንቻው ርዝመት ያን ያህል አይለወጥም፤ የሚለወጠው መሳሳቡን የመቻል አቅም ነው። ዘቡ ቀስ በቀስ ይላላል። የወጌሻ እሽታም ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እፎይታ ጉልበት አይሆንም። አከርካሪን አንጓ በአንጓ የሚደግፉት ትናንሽ ጡንቻዎች በሕመሙ ወቅት ይሳሳሉ፤ ሕመሙ ሲለቅ ሁልጊዜ በራሳቸው አያገግሙም። በእኔ እምነት ከማሳሳብ ቀጥሎ ማጠንከር ካልመጣ ሥራው ተጀምሮ የቀረ ነው። ጉልበትን አጥፎ ተንጋሎ ዳሌን ከመሬት ማንሳት በቂ መነሻ ነው፤ ወለልና ምንጣፍ ካለ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም።

በርጩማውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ለ20 ደቂቃ ያህል ጎብጦ የቆየ ወገብ ቀና እንዳለ ወዲያው ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ተነስቶ ወዲያው ውኃ የሞላ ጀሪካን መሸከም ለዚህ ነው የሚጎዳው። «ደንበኛ ሲቀንስ ተነሺ፤ ከተነሳሽም ሁለት ደቂቃ ተንቀሳቀሺ፣ ከዚያ አንሺ» ስል መልሱ «ዶክተር፣ ቡናውን ማን ያፈላልኛል?» ነው። (ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የሚሰማኝ የለም።) እውነቷን ነው። ቢሆንም ጀበናው እስኪፈላ ቆሞ መጠበቅ ይቻላል፤ መቀመጫውን አንድ ጋት ከፍ ማድረግም ብዙ አያስወጣም።

ከጦርነቱ ወዲህ ብዙዎቹ በመተማ በኩል አገራቸው ገብተዋል። ይህን የምታነቡ ዘመዶቻቸው አንድ ነገር ያዙልኝ። እግር ከዛለ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ማሳሳብ ይቅር፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለም በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለና ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሯቸው።