ካርቶኑን እንጣለው ወይስ እናስቀምጠው?

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ እህሉን ይሸጣል። ከሽያጩ ቆጥቦ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን ወይም የእጅ ስልክ ይገዛል። እነዚህ ዕቃዎች ውድ ናቸው። ቢበላሹ የአንድ ክረምት ልፋት ይባክናል። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የመጣበትን ካርቶንም ማወቅ ይጠቅማል።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ከመርካቶ ሩቅ አይደለም። እዚያ በጠባብ የኪራይ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከመርካቶ ቴሌቪዥን ገዝተው ገቡ እንበል። ሚስት፣ «ይሄን ሁሉ ካርቶን የት ልናደርገው ነው? ቤቱ ለእኛም አልበቃን!» ትላለች። ባል ደግሞ፣ «ተይ፣ አትጣይው፤ ነገ ይፈለጋል» ይላል። ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው። ዋናው ጥያቄ ካርቶኑ የሚቀመጠው ለምንና እስከ መቼ ነው የሚለው ነው።

ካርቶን ምን ይሠራል?

ካርቶን እንዲያው ወረቀት ብቻ አይደለም። በሁለት ወረቀቶች መካከል እንደ ቆርቆሮ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለው። በእጥፋቱ ውስጥ አየር አለ። ካርቶኑ ሲጋጭ ይህ አየርና እጥፋት የምቱን ኃይል ያበርደዋል። ውስጡ ያለው ነጭ ፎምም እንደዚሁ ነው። ፎሙ የተሠራው በዚያው ዕቃ ልክ ስለሆነ ዕቃው አይነቃነቅም።

የዛሬ ቴሌቪዥን ፊቱ ስስ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ላይ መጫን እንደ ካርቶኑ አያድነውም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ወይም ዕቃውን ገጠር ላሉ ወላጆቹ ሊልክ ያሰበ ሰው፣ ካርቶኑንና ፎሙን አብሮ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

ካርቶኑን እናንብበው

ፊደል የቆጠረ ሰው ከመግዛቱ በፊት ካርቶኑን ያንብብ። የብርጭቆ ሥዕል ካለው ዕቃው ተሰባሪ ነው። የጃንጥላ ሥዕል ማለት ዝናብ አይንካው ማለት ነው። ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ካሉ፣ ዕቃው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ ይጓዝ።

የቮልቱንም ቁጥር እንይ። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ 120፣ በጃፓን 100 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ እኛ ቤት በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። «100-240» የሚል ከተጻፈበት ግን ይሠራል።

የእጅ ስልክ ካርቶን ላይ ደግሞ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። አይኤምኢአይ ይባላል። የስልኩ መታወቂያ ማለት ነው። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። ስልኩ ላይ *#06# ሲጫኑ ቁጥሩ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆነን እናረጋግጥ። ስልኩ ቢሰረቅ ለፖሊስ የምንሰጠው ይህንኑ ቁጥር ነው። ስልኩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ቁጥሩን ከየት እናገኘዋለን? ካርቶኑ ላይ ነው።

ዕቃው ጉድለት ቢኖርበትስ?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢ መብት ሰጥቷል። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ ገዢው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። መብቱ የሚመጣው ከዕቃው ጉድለት ነው። የተገዛበትን ቀን የሚያሳየው ደግሞ ደረሰኙ ነው። ስለዚህ ከካርቶን ይልቅ ደረሰኝ ይበልጣል። ያለ ደረሰኝ አንግዛ።

ቢሆንም ዕቃው ከነካርቶኑና ከነገመዱ ሲመለስ ክርክሩ ይቀንሳል። ካርቶኑን በመጀመሪያው ቀን ቀዶ መጣል፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው። ዕቃውን ቶሎ ሰክተን እንሞክረው። 15ቱ ቀን እስኪያልፍ፣ ሻጩ የጽሑፍ ዋስትና ከሰጠም ዋስትናው እስኪያበቃ ካርቶኑ ይቆይ።

ካርቶን ማስቀመጥ ጉዳትም አለው

የተከማቸ ካርቶን አይጥና በረሮ ይጠራል። እርጥበት ከነካው ይላላል፤ ዕቃም አያድንም። ምድጃ አጠገብ ከሆነ ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ ከእሳት አርቀን እናስቀምጠው። ቆጥ ላይ ከሆነ ከጭስና ከፍም እንጠብቀው።

የላስቲክ ከረጢቱን ሕፃን ጭንቅላቱ ላይ ካጠለቀው ሊታፈን ይችላል። ወዲያው እናስወግደው። እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ያለበት ትንሽ ከረጢትም አለ። ምግብ አይደለም፤ ልጆች እንዳይበሉት እንጠንቀቅ። ፎሙን በቤት ውስጥ አናቃጥል፤ ጭሱ ጤና ይጎዳል።

የማስቀመጫው ጊዜ ሲያልፍ፣ ቁጥር ያለበትን ክፍል ቆርጠን ከደረሰኙ ጋር እንያዝ። የቀረውን ቀደን ለቆራሌው እንስጥ። ለምን እንቀደዋለን? አታላይ ሰው በደህና ካርቶን ውስጥ የማይረባ ዕቃ ከትቶ ለሌላው ምስኪን ሊሸጥበት ይችላል።

እንግዲህ ሚስትም ባልም ይስማሙ። ዕቃው እስኪታመን ካርቶኑ ይቆይ። ሩቅ የማይሄድ ዕቃ ከሆነ ጊዜው ሲያልፍ ይወገድ። ደረሰኙና ቁጥሩ ግን ዕቃው እስካለ ድረስ አይጣሉም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች የየትኛው ካርቶን ሊቆይ ይገባዋል? ለምን?
2. ደረሰኝ ከካርቶን የሚበልጠው በምንድን ነው?
3. የስልካችሁን 15 አኃዝ ቁጥር ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።