«ማንም» እና «ኖባዲ»፦ ኢውሱን ተውላጠ ስሞች በእንግሊዝኛ

በቦንጋና በአካባቢዋ የካፋ ዞን ወረዳዎች ብዙ ልጆች ካፊኖኖን ከቤት፣ አማርኛን ከገበያና ከትምህርት ቤት ይዘው ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ፣ ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ የኢውሱን ተውላጠ ስሞች አገባብ ነው። ኢውሱን ተውላጠ ስም ማንነቱ ወይም ምንነቱ ተለይቶ ያልታወቀን ሰው ወይም ነገር ተክቶ የሚገባ ቃል ሲሆን፣ የአማርኛዎቹ «ማንም»ና «ምንም»፣ የእንግሊዝኛዎቹ «ኖባዲ»፣ «ኤኒባዲ»ና «ኤቭሪባዲ» ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስሕተት የሚበዛው በአሉታ ላይ ነው። «ማንም አልመጣም» ሲባል አሉታውን የሚሸከመው ግሱ እንጂ «ማንም» አይደለም፤ «ማንም ሊማረው ይችላል» ማለት መቻሉም ይህንኑ ያሳያል። «ኖባዲ» ግን አሉታውን በራሱ ውስጥ ስለያዘ ግሱ በአዎንታ ይቀራል፤ ስለዚህ «ኖባዲ ኬም» ማለት የሚገባው ተማሪ የአማርኛውን ልማድ ተከትሎ «ኖባዲ ዲድንት ካም» ብሎ ቢጽፍ፣ በመደበኛው እንግሊዝኛ «ያልመጣ ሰው የለም» ያለ ያህል ይሆንበታል። «ማንም» በጠባዩ ለ«ኤኒባዲ» ይቀርባል፤ ሆኖም «ኤኒባዲ» ከአሉታው ቀድሞ ባለቤት ሆኖ ስለማይገባ «ኤኒባዲ ዲድንት ካም» ማለትም አያስኬድም፤ አሉታው ሲቀድመው ግን፣ «አይ ዲድንት ሲ ኤኒባዲ» እንደሚባለው፣ ቦታውን ያገኛል። ይህን ንጽጽር ከአማርኛው ተነሥቶ ማስረዳት፣ የቃላት ዝርዝር ከማስሸምደድ እጅግ ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር ስምምነት ነው። አማርኛ «ሁሉም መጡ» ቢልም «ኤቭሪባዲ»ና «ኢች» ነጠላ ግስ ይወስዳሉ፤ «ቦዝ»ና «ሜኒ» ብዙ ናቸው። «ሰም»፣ «ኦል» እና «ሞስት» ደግሞ የሚከተላቸውን ስም ያያሉ። በካፋ ቡና ሲሰጣ ያየ አንባቢ ልዩነቱን በቀላሉ ይይዘዋል፦ «ኮፊ» በጅምላ የሚታሰብ፣ የማይቆጠር ስም በመሆኑ «ሰም ኦፍ ዘ ኮፊ ኢዝ ድራይ» ሲባል፣ ፍሬዎቹ ግን የሚቆጠሩ ስለሆኑ «ሰም ኦፍ ዘ ቢንስ አር ድራይ» ይባላል።

«ኤቭሪዋን» ነጠላ ግስ ቢወስድም «የእሱን» በሚለው «ሂዝ» ፈንታ «የእነሱን» የሚለው «ዜር» ሊከተለው ይችላል። የቆዩ የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ቢነቅፉትም፣ አጠቃቀሙ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የሚገኝና ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያለው በመሆኑ፣ «ኤቭሪዋን ብሮት ዜር ቡክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።