በሩን አይዝጉበት

ስለ አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ስለ ጆኒ ካሽ ሕይወትና ዘፈኖች የሚተርክ የራዲዮ ዝግጅት ቢያጋጥምዎ “ዓለማዊ ነው” ብለው ለማለፍ አይቸኩሉ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሰባኪ ለመሆን ይመኝ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ጃክ በመጋዝ አደጋ ሲሞት ጆኒ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ኋላ ስሙ ገነነ፤ እርሱ ግን የአነቃቂ እንክብሎች እስረኛ ሆነ። በ1960ዎቹ መገባደጃ ጁን ካርተርና ወላጆቿ ቤቱ ገብተው አብረውት ሰነበቱ፤ ከሱሱ ጋር ሲታገል አልተለዩትም። በ1968 ከጁን ጋር ተጋባ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለን! ነገር ግን በ1973 ስለ ጌታ ኢየሱስ ፊልም ያቀረበው ይኸው ሰው ተመልሶ ወድቆ በ1983 ለሕክምና ገባ። ጁን ያን ጊዜም አብራው ነበረች። እርሱም ተነሥቶ በ1986 ስለ ሐዋርያው ጳውሎስ ልብ ወለድ አሳተመ።

በቤትዎ ሱስ ያሰረው ልጅ ወይም ወንድም አለ? “ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው?” ብለው ደክመው ይሆናል። ጴጥሮስም ጌታን ይህንኑ ጠይቆ ነበር፤ መልሱን ያውቁታል። ይጸልዩለት፤ ሐኪም ዘንድም ይውሰዱት። እንደገና ቢወድቅ እንኳ በሩን አይዝጉበት። ጌታ በእርስዎ ላይ አልዘጋምና!